በቴሌግራም የላክሁት ማመልከቻ

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና፣ ከጥምቀት በኋላ አገሩ ሁሉ ሠርግ በሠርግ በሆነበት ሰሞን ነው። ደባርቅ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ስጽፍ ከሃያ ዓመት በላይ ኖሬያለሁ፤ በጽሑፌ አፍሬ አላውቅም ነበር። በዚያ ሳምንት ግን አፈርኩ። እስካሁን ሙሉውን ለማንም ስላልተናገርኩት፣ ዛሬ ለአንባቢ ልናዘዝና ይቅለለኝ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሥራዬ ትንሽ ልበል። ክስ፣ መልስ፣ አቤቱታ፣ ይግባኝ እጽፋለሁ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያና ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የድርጅት ቲተር አለኝ። ገበሬው ከጃናሞራ ወይም ከአዲ አርቃይ መጥቶ ነገሩን ከአያቱ ዘመን ጀምሮ ይተርክልኛል። እኔ እየሰማሁ ገለባውን ከፍሬው እለያለሁ። «እንደት ሰነበታችሁ በልልኝ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። «ቢሮ ሰላምታ አያነብም» ብዬ እቆርጠዋለሁ።

በአማርኛ ደግሞ ግትር ነኝ። ወጣቶች በስልክ የሚጻጻፉትን ሳይ ደሜ ይፈላል። አንዱ ለማያውቀው ሰው «አለህ?» ብሎ ይጀምራል። ሰውየው የለሁም ይበለው? ሌላው አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ይጽፈዋል። ነጥብ የለ፣ ክብር የለ፣ ማን ለማን እንደሚናገር አይታወቅም። ልጄ እናትነሽ በዚህ ጠባዬ ትስቅብኛለች። «አባዬ፣ አንተ እኮ ለእማዬም ስትጽፍ 'ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው' ሳትል አትቀርም» ትለኛለች። እናቷም አብራት ትስቃለች።

ወደ ነገሬ ልመለስ። እናትነሽ በመምህርነት ተመርቃ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ፈልጋለች። በመጨረሻ አንድ የማስተማር ቦታ አገኘች። እስከ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ኦሪጅናል ማስረጃዋን ይዛ መመዝገብ ነበረባት፤ ካልቀረበች ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ዲግሪዋን ለማውጣት ጎንደር ሄዳ ማክሰኞ ከሰዓት በሚኒባስ ተመለሰች።

ቤት ገብታ ሻንጣዋን ስትከፍት ጮኸች። ከውስጥ የወጣው የእሷ ዕቃ አልነበረም። አራት የሐበሻ ቀሚሶች ነበሩ፤ አንዱ የሙሽራ ነው፣ ጥልፉ ገና አላለቀም። ከቀሚሶቹ ሥር የልብስ ሰፊ ሜትርና የሰው ልክ የተመዘገበበት ደብተር አገኘን። ሻንጣው ከእሷው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ጥቁር፣ ባለ ሁለት ዚፕ። ከአጠገቧ ተቀምጣ የመጣች ሴት ዳባት ላይ እንደወረደች ትዝ አላት። ዲግሪው ከሴትየዋ ጋር ዳባት ወርዷል ማለት ነው።

ደግነቱ ደብተሩ ጀርባ ላይ «ትርንጎ፣ ዳባት» የሚል ስምና የስልክ ቁጥር ነበረበት። ደወልን። ይጠራል፣ አይነሳም። ስድስት ጊዜ ደወልን፤ አሁንም ያው ነው።

«ቴሌግራም አላት አባዬ። ልጻፍላት» አለች እናትነሽ።

«እኔ እያለሁ አንቺ?» አልኳት። ከልቤ ነበር የተቀየምኩት። ዶሮ አርቢ ቤት ተቀምጦ እንቁላል ከገበያ እንደመግዛት ቆጠርኩት። «ነገ ጠዋት አንድ ገጽ እጽፋለሁ፤ ነገሩ በአንድ ገጽ ያልቃል።»

ረቡዕ ጠዋት ቢሮዬ እንደገባሁ ጻፍኩ። ሌላ ሥራ አልነካሁም። «ለወይዘሮ ትርንጎ፣ ዳባት» ብዬ ጀመርኩና ከሥሩ «ጉዳዩ፦ ያለአግባብ የተያዘ ሻንጣ እንዲመለስ ስለመጠየቅ» የሚለውን አሰመርኩበት። ተጠሪ በዕለቱ ከጎንደር ወደ ደባርቅ ይጓዝ በነበረ ተሽከርካሪ ላይ የአመልካችን ሻንጣ ይዘው መውረዳቸውን፣ ይህ ማመልከቻ በደረሳቸው በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ እንዲያስረክቡ፣ ይህ ሳይሆን ቢቀር ግን አመልካች መብቷን በሕግ የምታስከብር መሆኑን ከወዲሁ ገለጽኩ። «ከሰላምታ ጋር» ብዬ ዘጋሁ። አራት ነጥቡ በቦታው ነው፣ ነጠላ ሰረዙ በቦታው ነው፣ «እርስዎ» የሚለውም አልጎደለም። አትሜ ቲተሬን መታሁበት፤ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ለሴትየዋ ላክሁላት።

እናትነሽ ስታየው ፊቷ ተለወጠ። «አባዬ፣ ይኼ ቴሌግራም ነው እንጂ ችሎት አይደለም!»

«ሥርዓት ያለው ጽሑፍ የትም ቦታ ሥርዓት ነው» አልኳት።

እሷ ዳባት ሄዳ ልብስ ሰፊዎቹን በየቤታቸው እየዞረች ልትጠይቅ ፈልጋ ነበር። «አያስፈልግም፣ ዛሬውኑ ይመለሳል» ብዬ ያስቀረኋት እኔ ነኝ።

እውነትም ከሰዓት በኋላ መልስ መጣ። ስልኬን ስከፍት በንጹሕ ወረቀት የታተመ፣ ፎቶ የተነሳ ጽሑፍ ነው። ርዕሱን አነበብኩ። «ከተጠሪ የቀረበ የመከላከያ መልስ» ይላል።

ከላይ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አለው፤ አመልካች ሻንጣው የእሷ ስለመሆኑ ማስረጃ አላያያዘችም ይላል። ቀጥሎ ተጠሪ ሻንጣውን አልወሰድኩም ትላለች። ወስጄ ቢሆን እንኳ ሳላውቅ ነው ትላለች። በመጨረሻ የተከሳሽ ከሳሽነት አቅርባለች፦ የእኔ ሻንጣ በአመልካች እጅ ስለሚገኝ አራት ቀሚሶቼ ይመለሱልኝ፣ የደረሰብኝ ኪሳራም ይታሰብልኝ ትላለች።

ጽሑፉ የማን እንደሆነ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ አወቅሁት። ከብዙ ዓመት በፊት አጠገቤ አስቀምጬ ሙያ ያስተማርኩትና ዛሬ ዳባት ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚሠራ ሰው ነው። «ወስጄ ቢሆን እንኳ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ከእኔ ነው የወሰዳት።

አሁን የማፍርበትን እውነት ልናገር። ደስ አለኝ። በቁመቴ ልክ የሆነ ተከራካሪ ካገኘሁ ስንት ጊዜዬ! ወዲያው ወንበሬን ሳብ አድርጌ የመልስ መልስ መጻፍ ጀመርኩ። መቃወሚያውን በሦስት ነጥብ አፈረስኩት። አራተኛው ላይ ስደርስ እናትነሽ ከኋላዬ ቆማ ስታነብ ኖሮ አለቀሰች።

«አባዬ» አለች፣ «አንተ የፈለግኸው እሷን ልትረታ ነው ወይስ ዲግሪዬን ልታመጣ?»

እውነቷን እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝና «ነገ ጠዋት አስተካክዬ እልከዋለሁ» ብዬ ኮምፒውተሩን ዘጋሁ።

ሐሙስ ጠዋት እኔና እናትነሽ ሳንነጋገር ቢሮ ገባን። ዓይኗ ቀልቷል። ዳባት ልትሄድ የትኛው መኪና ቶሎ እንደሚሞላ በስልክ እያጠያየቀች ነበር። በዚህ መሐል እማሆይ ብርቄ ገቡ። እማሆይ የጃናሞራ ሰው ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቆብ ደፍተዋል። የመሬት ደብተራቸውን አይጥ በልቶባቸው ምትክ ለመጠየቅ ማመልከቻ ሊያጽፉ በቀጠሯቸው መምጣታቸው ነው።

«እንደት አደራችሁ ልጆቼ» አሉና የእናትነሽን ፊት አዩ። «ምነው? ሰው ሞተባችሁ እንደ?»

እናትነሽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው። እማሆይ ወደ እኔ ዞሩ።

«እስቲ የላክህላትን አንብብልኝ።»

ማንበብ አይችሉም፤ ማዳመጥ ግን እንደሳቸው የሚያውቅበት አላየሁም። ድምፄን አስተካክዬ አነበብኩላቸው። «በሕግ የምታስከብር መሆኑን» የሚለው ላይ ስደርስ አማተቡ።

«ልጄ፣ ይች ሴት ምን በደለችህ?»

«ምንም። ሥርዓቱ ነው እማሆይ። ደግሞ ሰላምታ አለበት፤ ይኸው መጨረሻው ላይ 'ከሰላምታ ጋር' ይላል።»

«ሰላምታ ስትወጣ ነው እንደ የሚሰጥ?» አሉ። «ሰው ቤት ሰተት ብለህ ትገባለህ፣ ሌባ ብለህ ትሰድባለህ፣ ስታበቃ በሩ ላይ ደኅና ዋሉ ትላለህ?»

እናትነሽ ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እኔ ጆሮዬ ጋለ።

«ደግሞም» አሉ እማሆይ፣ «የሷስ ዕቃ? ያንተ ቤት ያለውን አልነገርሃትም እኮ። እኛ አገር ከብቱ ጠፍቶበት የሚፈልግ ሰው ሲመጣ፣ ከብቱ ካንተ በረት ካለ፣ ማንም ሳይጠይቅህ 'አይዞህ፣ በሬህ አለ፣ ጠጥቷል' ነው የምትለው። ስምህ ማነው፣ ከየት መጣህ፣ ኋላ ነው። መጀመሪያ ልቡ ይመለስ።»

ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ነገር ስጽፍ ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ነገር አልጻፍኩም። እውነትም ለሴትየዋ ቀሚሶቿ በእጃችን እንዳሉ አንዲት ቃል አልነገርኳትም። ወረቀቱን ሁሉ የሞላሁት በእኛ መብት ነበር።

«እንግዲያው እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ ልጻፍ» አልኳቸው።

«ካንተ ስልክ ከተላከ አትከፍተውም» አለች እናትነሽና የራሷን ስልክ ሰጠችኝ። እማሆይ እየነገሩኝ፣ እኔ በአንድ ጣት እየጫርኩ የወጣው ይህ ነው፦

«እህቴ ትርንጎ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ቤተሰብሽስ ደኅና ነው? እኔ ከጎንደር አብራሽ የመጣችው ልጅ አባት ነኝ። አይዞሽ፣ ሻንጣሽ እኛ ቤት አለ። ቀሚሶቹ አልቆሸሹም፤ አጣጥፈን አስቀምጠናቸዋል። ሻንጣው ስለተመሳሰለ ልጄ ያንቺን አነሳች፣ አንቺም የእሷን፤ ጥፋቱ የሁላችንም ነው። ያ ወረቀት አስደንግጦሽ ከሆነ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በይን። ልጄ ዲግሪዋን ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካላቀረበች ሁለት ዓመት የጠበቀችው ሥራ ያመልጣታል። የት እንዳለሽ ንገሪንና ሻንጣሽን ይዘን እንምጣ።»

«ስለሆነም» ልጨምር ስል እማሆይ «በቃ፣ ላከው» አሉ። ቃሉን ሳያዩት በፊቴ ላይ አንብበውታል መሰለኝ።

ላክነው። ሦስታችንም ስልኩን ከበን ቆምን። ብዙም አልቆየም፣ መነበቡን የሚያሳየው ምልክት መጣ። «እየጻፈች ነው» ይላል። ያቆማል። እንደገና ይላል። እናትነሽ ጥፍሯን ትበላለች። ከዚያ መጣ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባቴ። ሁላችንም ደኅና ነን። የሙሽራዋ ቀሚስ ጥልፉ አልተተረተረም?»

እናትነሽ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ የቀሚሱን ፎቶ ላከችላት። ወዲያው ሁለተኛው መልስ ደረሰ። «እናንተ አትልፉ፤ እኔው ይዤ እመጣለሁ። ለሾፌር ሰጥቼ ደግሞ እንዳይጠፋ። መኪና እንዳገኘሁ እነሳለሁ።»

እናትነሽ እማሆይን አቅፋ ሳመቻቸው። እኔም የእማሆይን ማመልከቻ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። «እንደት ከረማችሁ በሉልኝ» ሲሉኝ ያለ ክርክር ጻፍኩት።

መናኸሪያ የደረስነው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። እማሆይም ወደ አገራቸው የሚሄድ መኪና ስለሚጠብቁ አብረውን ነበሩ። ስምንት ሰዓት ሆነ። ትርንጎ «መኪናው አልሞላም» ብላ ጻፈች። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። «ተነሳን» አለች። ከዳባት እዚህ ሩቅ አይደለም፤ የዚያን ዕለት ግን ትርንጎ ከሌላ አገር የምትመጣ መሰለኝ። ከጎንደር በኩል የሚመጣ መኪና ባየሁ ቁጥር እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ። ረቡዕ ልጄን ባላስቀራት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር እያልኩ ራሴን እወቅሳለሁ። እማሆይ ቆብ ያለበትን ራሳቸውን ደገፍ አድርገው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

አሥር ሰዓት አልፎ አንድ ሚኒባስ ገባ። ጥቁር ሻንጣ ደረቷ ላይ አቅፋ አንዲት ቀይ፣ ቀጭን ሴት ወረደች። እናትነሽ ሮጣ አቀፈቻት። ሻንጣውን እዚያው መሬት ላይ ከፈተችው፤ የዲግሪው ፖስታ አለ። ፖስታውን ይዛ ወደ ምዝገባው ቢሮ ስትሮጥ ነጠላዋ መሬት ላይ እየተጎተተ ነበር። «ቀስ በይ!» ብዬ ጮህኩ። አልሰማችኝም።

እኔ፣ እማሆይና ትርንጎ ቀረን። የሷን ሻንጣ ሰጠኋት። ዚፑን ከፍታ የሙሽራዋን ቀሚስ በእጇ ዳሰሰችና ተነፈሰች። ሠርጉ እሑድ ነው፣ ጥልፉም የሁለት ቀን ሥራ ቀርቶታል።

«ስልክ ስንደውል አላነሳሽም እኮ» አልኳት።

«የማላውቀውን ቁጥር አላነሳም አባቴ፤ ዘመኑ ክፉ ነው። ሻንጣውን ከፍቼ የልጅቷን ማስረጃ ሳይማ እኔም አዝኜ፣ እንዴት አድርጌ ላግኛት እያልኩ ነበር። ልክ በዚያው ያ ወረቀት መጣ። ማኅተሙን ሳይ የፍርድ ቤት መጥሪያ መሰለኝ። ባለቤቴም አገር ውስጥ የለም። ወደ አንድ ጸሐፊ ሮጥኩ። 'ሻንጣው እጅሽ እንዳለ እንዳታምኚ፤ መጀመሪያ ካጂ፣ ኋላ ይታያል' ብሎ ጻፈልኝ።»

ይህን ምክር ማን እንዳስተማረው አውቃለሁ።

«ኋላ የእርስዎ መልእክት ሲደርሰኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ሽማግሌ መሐል ገባ ብዬ አለቀስኩ» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለመሆኑ አባቴ፣ ያንን ማመልከቻ የጻፈላችሁ ሰውዬ ማነው? ምን ዓይነት ልብ ያለው ሰው ነው? እዚሁ ደባርቅ ነው የሚኖረው?»

እማሆይ መቁጠሪያቸውን አቆሙና አዩኝ።

ሃያ ዓመት ሙሉ ለሰው መልስ ስጽፍ የኖርኩ ሰው፣ የራሴ ተራ ሲደርስ እኔም ካድኩ። «አዎ፣ እዚሁ ነው» አልኩ። «ዛሬ ግን አልገባም።»

እማሆይ ትንሽ አሰቡና ጣልቃ ገቡ። «ክፉ ሰው አይደለም ልጄ» አሉ። «እንደው ትምህርት በዝቶበት ነው።»

«እንግዲህ እግዚአብሔር ልቡን ያራራለት» አለች ትርንጎ።

«አሜን» አልኩ። ከልቤ ነበር።

እናትነሽ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ተመዝግባ፣ ላብ በላብ ሆና፣ ጥርሷን እያሳየች ተመለሰች። ዛሬ ታስተምራለች። ትርንጎም ቀሚሱን ለሙሽራዋ ለእሑድ አድርሳላታለች፤ ፎቶውን ልካልን አይተናል፣ ጥልፉ ያምራል።

እኔም ሥራዬ ላይ ነኝ። የፍርድ ቤቱን ጽሑፍ እንደ ድሮዬ ነው የምጽፈው፤ ዳኛው ፊት አጭርና ቀጥተኛ መሆን ግድ ነው። ግን አሁን አሁን ሰዎች «ይህን ለማላውቀው ሰው በስልክ ላክልኝ» እያሉ ይመጣሉ፤ የተጋጨ መኪና፣ የተሳሳተ ዕቃ፣ የተቋረጠ ቤት ኪራይ። ያኔ እጄ «ጉዳዩ» ወደሚለው ሲሮጥ እይዘዋለሁ። ያ ሰው መልእክቱን ሲከፍት ምን እንደሚያስፈራው አስባለሁ፤ መጀመሪያ ያንን ፍርሃት አርቅለታለሁ። ወጣቶቹንም እንደ ድሮው አልሰድባቸውም። ነጥብ ሳያደርጉ «እንዴት ነህ» የሚሉት፣ ነጥብ አሟልቼ ሰው ካስለቀስኩት ከእኔ ይሻላሉ።

ትርንጎ ግን ያፈራኋት ዘመድ ሆናለች። ምን እንደምሠራ ጠይቃኝ አታውቅም፤ ጡረተኛ ሳልመስላት አልቀረሁም። ልነግራት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ አፈርኩ። በየበዓሉ በእናትነሽ ስልክ ትጽፍልኛለች። ጤናዬን ትጠይቃለች፣ የእናትነሽን ተማሪዎች ትጠይቃለች፣ የእማሆይን ደኅንነት ትጠይቃለች። መጨረሻው ላይ ሳትረሳ «ያ ሰውዬስ እንዴት ሆነ?» ትለኛለች።

«እየተሻሻለ ነው» እላታለሁ።